ቢኤምደብልዩ ልግዛ ወይስ ጎማ?

የዛሬው ደብዳቤ የደረሰን ከወደ አሜሪካ፣ ከሚኒሶታ ነው። «ፍቅረኛዬ ካደችኝ»፣ «ባሌ አምሽቶ ይገባል» ብላችሁ የጻፋችሁልን ተራችሁ እስኪደርስ ታገሡን። ይሄኛውን ያስቀደምነው ነገሩ ከላይ ሲያዩት የመኪና ወሬ ቢመስልም ውስጡ የሰው ነፍስ ስላለበት ነው። በበረዶ አገር እህት ወንድም ያላችሁ ደግሞ ገጿን ቀዳችሁም ሆነ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ብትልኩላቸው አትጎዱም።

ደብዳቤው አጠር ተደርጎ ሲቀርብ እንዲህ ይላል፤

«የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። ሚኒያፖሊስ ከገባሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። እስከዛሬ ሥራ የምሄደው በአውቶብስና በሰው መኪና እየተለጠፍኩ ነበር። አሁን በላቤ 12 ሺህ ዶላር አጠራቅሜያለሁ። አንድ የአገሬ ልጅ የ2011 ሞዴል ቢኤምደብልዩ 335 አይ በ11 ሺህ ዶላር ልልቀቅልህ ብሎኛል። ጥቁር ናት፤ ቸርኬዋ ብቻ ሰው ያፈዛል! ከሁለት ወር በኋላ እጮኛዬ ከአዲስ አበባ ስለምትመጣ ኤርፖርት በእሷ ብቀበላት ደስ ይለኛል። ችግሩ ሥራ የምገባው ሌሊት 10 ሰዓት ነው፤ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼንም ጭኜ ልሄድ ተስማምተናል። ጓደኞቼ ‹የኋላ እግሯ ብቻ የሚገፋ መኪና ለበረዶ አትሆንም፣ አውዲ ወይ ሌክሰስ ግዛ› ይሉኛል። ባለመኪናው ደግሞ ‹አምስት ዊንተር ነድቼባታለሁ፣ ምን ያስፈራሃል?› ይለኛል። ከሰለቸችኝም ለወንድሜ አገር ቤት እልክለታለሁ ብዬ አስቤያለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

ወንድማችን፣ በመጀመሪያ እጅህ አይንጠፍ! በሁለት ዓመት ውስጥ፣ ያውም የቤት ኪራይ እየከፈሉ፣ ይህን ያህል ማጠራቀም ቀላል ነገር አይደለም። ወጣት ሰው ፈጣንና ያማረች መኪና ቢያምረው ነውር የለበትም፤ ስለዚህ «አርጅተህ ግዛ» ብለን አንቆጣህም። አንተ ግን የምትጨነቀው ስለ መኪናዋ ማርካ ነው። በረዶ ማርካ አያነብም። መኪና መሬት የሚነካው በአራት መዳፍ በምታክል ጎማ ነውና በረዶው የሚያውቀው እነዚያን አራት መዳፎች ብቻ ነው። ምክራችንም ከዚያው ይጀምራል።

በረዶ ሁሉ አንድ አይደለም

እኛ አገር በረዶ ስንል ቆርቆሮ ደብድቦ፣ ደጁን አንጥፎ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው የሚቀልጠውን ነው። ሚኒያፖሊስ ላይ ግን በዓመት በአማካይ 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚወርድ ሲሆን ዓይነቱም ብዙ ነው። አዲስ የወረደውና እንደ ተባዘተ ጥጥ የሚለሰልሰው አንድ ነው። መኪና እየረገጠ ያጠነከረውና እንደ ሳሙና የሚያንሸራትተው ሌላ ነው። ሦስተኛውና ክፉው «ጥቁር በረዶ» የሚባለው ነው፤ አስፋልቱ ላይ እንደ ስስ መስታወት ተነጥፎ ዝናብ የነካው መንገድ ብቻ ይመስላል። በተለይ ድልድይ ከላይም ከታችም ብርድ ስለሚያገኘው ከሌላው መንገድ ቀድሞ ይጋገራል። አንተ ደግሞ የምትነዳው በሌሊት፣ ገና ጨው ሳይበተንና በረዶው ተጠርጎ ሳያልቅ ነው። ይህንን ልብ በል።

ባለመኪናውን አንድ ጥያቄ ጠይቀው

335 አይ 300 የፈረስ ጉልበት ያላት መኪና ናት። «ኤክስ ድራይቭ» የሚል ከሌለባት ያ ሁሉ ጉልበት የሚሄደው ወደ ኋላ እግሮቿ ብቻ ነው። በሚያንሸራትት መንገድ ነዳጅ በዛ አድርገህ ከረገጥክ ጭራዋ ወደ ጎን ይሄድብሃል። ማንሸራተቱን የሚቆጣጠረው ኤሌክትሮኒክስ ይረዳል፤ ነገር ግን መሬት ያልያዘ ጎማ ላይ ተአምር አይሠራም።

እንዲህም ሆኖ ሰውየው ዋሽቶሃል አንልም። በእነ ጀርመንና ስዊድን ይህችኑ መሳይ መኪና የበረዶ ጎማ አጥልቀው ወራቱን ሙሉ የሚነዱ ሞልተዋል። ስለዚህ «አምስት ዊንተር ነዳሁ» ሲልህ «በየትኛው ጎማ?» በለው። የበረዶ ጎማ ካለው ያሳይህ፤ ዋጋው ውስጥም ይጨምርልህ። «በዚሁ በበጋው ነው የነዳሁት» ካለህ ግን እሱን እግዚአብሔር አትርፎታል፤ አንተን ያተርፍሃል የሚል ውል የለም።

ፎር ዊል ያስነሳል እንጂ አያቆምም

አውዲ «ኳትሮ»ን እ.ኤ.አ. በ1980 ጄኔቫ ላይ ካስተዋወቀ ወዲህ አራቱም እግር የሚገፋበት የቤት መኪና ተበራክቷል። ቢኤምደብልዩ «ኤክስ ድራይቭ»፣ መርሴዲስ «ፎርማቲክ» ይለዋል፤ ሌክሰስ ኤ.ደብልዩ.ዲ. ብሎ ይጽፋል፤ ኢንፊኒቲ ከቁጥሩ ኋላ ኤክስ ያስከትላል። ጓደኞችህ ይህን ግዛ ማለታቸው ልክ ነው። ከቆመበት ለመነሳት፣ ዳገት ለመውጣት፣ ከተከመረ በረዶ ለመውጣት ወደር የለውም።

ለማቆም ግን አይረዳም። ለምን ቢሉ ፍሬን ድሮም በማንኛውም መኪና አራቱም እግር ላይ ነው ያለው! የፎር ዊል መኪና ቶሎ ፍጥነት ስለምትይዝ ነጂዋ መንገዱ ደህና ይመስለዋል። ቀይ መብራት ጋ ሲደርስና ፍሬን ሲረግጥ ነው ጉዱ የሚታየው። የበጋ ጎማ ካጠለቀች ፎር ዊል ይልቅ ደህና የበረዶ ጎማ ያላት የኋላ ገፊ መኪና በአጭር ርቀት ትቆማለች። ለአንተ የሚሻለው ሁለቱም መኖራቸው ነው።

ቸርኬው ሲያፈዝ ጎማውን እይ

የስፖርት መኪና ይዞ የሚመጣው ሰፊና ስስ ጎማ ብዙ ጊዜ ለሞቃት ወራት የተሠራ ነው። ብርዱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ (በእነሱ 45 ፋራናይት) በታች ሲወርድ ይደርቃል፤ አስፋልቱ ደረቅ ሆኖም እንኳ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። የበረዶ ጎማ ግን በብርድ የማይደርቅ ለስላሳ ጎማ ስለሆነና ጥርሱ ላይ ብዙ ስንጥቆች ስላሉት በረዶውን ይነክሳል።

ስትገዛ ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ፣ መሐሉ የበረዶ ቅንጣት ያለበትን ምልክት ፈልግ። «ኤም ፕላስ ኤስ» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም። ዲ.ኦ.ቲ. ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 3519 ካለ በ2019 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. 35ኛው ሳምንት ላይ የተሠራ ነው። ጎማ ጥርሱ ሳያልቅም ያረጃልና አሮጌ አትግዛ። ሁለት ብቻ ገዝተህ ለመቆጠብም አትሞክር፤ አራቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ። ፎር ዊል መኪና ላይ ጥርሱ የበላና ያልበላ ጎማ ስትደባልቅ ዲፈረንሻሉንና ጉልበት አከፋፋዩን ልትፈጅ ትችላለህ።

ያ ያፈዘዘህ ቸርኬስ? ለበጋ አስቀምጠው። በበረዶው ወራት በቁጥር ያነሰ ቸርኬና ወፈር ያለ ጎማ ይሻላል፤ ጎድጓዳ መንገድ ሲገጥምህ ቸርኬው አይታጠፍብህም። የጎረቤት ካናዳዋ ኩቤክ ከታኅሣሥ 1 እስከ መጋቢት 15 (በፈረንጅ አቆጣጠር) የበረዶ ጎማ በሕግ ታስገድዳለች። ሚኒሶታ እንዲህ ያለ ሕግ የላትም፤ ስለዚህ የሚያስገድድህ የራስህ ጭንቅላት ነው።

የረከሰው መኪናዋ እንጂ ዕቃዋ አይደለም

ያገለገለች ቅንጡ መኪና ወጥመዷ ይህ ነው። 335 አይ አዲስ ሳለች ከ40 ሺህ ዶላር በላይ ታወጣ ነበር። ዛሬ 11 ሺህ ብትገባም ዕቃዋና የመካኒኳ እጅ ዛሬም የ40 ሺህ ዶላር መኪና ሒሳብ ነው። በ12 ሺህ ውስጥ 11ዱን መኪና ላይ ጨርሰህ ራዲያተር ወይ ቱርቦ ቢበላሽብህ ምን ልትሆን ነው? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዳይሆን።

ስለዚህ ማንኛዋንም ከመግዛትህ በፊት የሻጩ ወዳጅ ያልሆነ መካኒክ ጋ ወስደህ በአሳንሰር ላይ አሰቅላት። ሚኒሶታ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ብረት ይበላል፤ የፍሬን ቱቦዎቿ፣ ሆዷና ማርሚታዋ ዝገው እንደሆነ ይታዩ። ከሥር አዲስ ጥቁር ቀለም ተቀብታ ካገኘሃት ጠርጥር። «ከደቡብ የመጣች፣ ዝገት የማታውቅ» ካሉህ ደግሞ የጎርፍ መኪና እንዳትሆን ሊብሬዋን በሻንሲ ቁጥሯ አስመርምር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ሂዩስተን ላይ በሃርቪ ማዕበል ብቻ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ መኪኖች ውኃ ገብቶባቸዋል። ሞተሯንም ሌሊቱን ቀዝቅዛ ያደረች ጊዜ፣ ጠዋት አስነስተህ ስማ፤ አሙቆ የጠበቀህ ሻጭ የሚደብቀው ነገር ሊኖር ይችላል። ፎር ዊል ከሆነች ባዶ ሜዳ ላይ መሪዋን ሙሉ ጠምዝዘህ ቀስ ብለህ አሽከርክራት፤ ከተንገራገጨች ተዋት።

ታዲያ የትኛዋን?

ቢኤም ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ካልክ ከ2009 እስከ 2011 ያለችውን 328 አይ ኤክስ ድራይቭ ፈልግ። ቱርቦ የላትም፤ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሆና 230 የፈረስ ጉልበት አላት፤ አራቱም እግሯ ይገፋል። ፍጥነት እየወደድክ ከጃፓን ዘር ይሁንልኝ ካልክ ኢንፊኒቲ ጂ 37 ኤክስ ወይም አኩራ ቲ.ኤል. «ኤስ.ኤች. ኤ.ደብልዩ.ዲ.» አሉልህ፤ ነዳጅ ላይ ግን ትንሽ ይጠጣሉ። ሌክሰስ አይ.ኤስ. 250 ባለ ፎር ዊል ጉልበቷ ሞቅ ያለ ባይሆንም ለዕለት ሥራ ጨዋ መኪና ናት። አውዲ ኤ4 ኳትሮ በበረዶ ላይ ታኮራለች፤ ከ2009 እስከ 2011 ያለችዋ ባለ 2.0 ቱርቦ ግን የሞተር ዘይት በመጠጣት ስለምትታወቅ የጥገና ወረቀቷን ሳታይ አትንካት። ከሁሉም ውስጥ ሆዷ ወደ መሬት የወረደውን የ«ስፖርት» ዓይነት ተዋት፤ በረዶው ሲከመር ሆዷ ተንሳፎ እግሯ በባዶ ይሽከረከራል።

ሒሳቡን እንዲህ ብታደርገውስ? ለመኪናዋ 9 ሺህ፣ ለበረዶ ጎማና ቸርኬ 1 ሺህ 200፣ ለምርመራ 200፣ ቀሪው 1 ሺህ 600 ለክፉ ቀን። ከመፈራረምህ በፊት ደግሞ ኢንሹራንስ ምን ያህል እንደሚያስከፍሉህ ጠይቅ፤ ለወጣትና ለፈጣን መኪና ዋጋው ይንራል።

«ሲሰለቸኝ አገር ቤት እልካታለሁ» ያልከውን ግን እርሳው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ማገዱን አስታውቋል። ወንድምህን በባዶ ተስፋ አታስቀምጠው።

መኪናዋን ከገዛህ በኋላ

በረዶ የወረደ ዕለት ባዶ የመኪና ማቆሚያ ፈልገህ ፍሬን እየረገጥክ ተለማመድ። ኤ.ቢ.ኤስ. ፍሬን ከእግርህ ሥር ሲንቀጠቀጥ አትደንግጥ፤ ረግጠህ ያዝ። ከፊትህ ካለው መኪና ከወትሮው ሦስት እጥፍ ራቅ። ኋላ ወንበር ሥር አካፋ፣ ብርድ ልብስና የባትሪ ገመድ አይጥፋ። በረዶ ውስጥ ከተቀረቀርክ ደግሞ ሞተር አስነስተህ ከመሞቅህ በፊት ወርደህ የማርሚታውን አፍ ጥረግ። ጭሱ መውጫ ካጣ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሽታ የለውም፤ ሰው እንደተኛ ይቀራል። ከተማው «ስኖው ኢመርጀንሲ» ሲያውጅም የት ማቆም እንደሚፈቀድ አጣራ፤ ካልሆነ ጠዋት መኪናህን ተጎትታ ትሄድና ቅጣቷን ትከፍላለህ።

በመጨረሻ ስለ እጮኛህ። ልጅቷ ያን ሁሉ አገር አቋርጣ የምትመጣው ለአንተ ነው። እንዲያ ያለ ብርድ በሕይወቷ አይታ አታውቅም፤ ከኤርፖርት ስትወጣ የምትፈልገው ሞቅ ያለ ወንበርና ሳይንሸራተት ቤት የሚያደርሳት ሰው ነው። ቸርኬውን በፀደይ ታየዋለች። እነዚያ ሌሊት አብረውህ የሚሳፈሩት ሁለት ባልደረቦችህም ቢሆኑ እንቅልፋቸውን ተኝተው ነፍሳቸውን ለአንተ ሰጥተው ነው የሚሄዱት። እነሱም ቤታቸው የሚጠብቃቸው ሰው አለ።

እዚህ ያላችሁ አንባቢዎቻችንም «ይሄ የፈረንጅ አገር ጣጣ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ሐምሌ ላይ ከእንጦጦ በዝናብ ስትወርዱ ጥርሱ ያለቀ ጎማ ምን እንደሚያደርግ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሳምንት በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!