እንደገና ለምንጀምር፦ ከቢቸናና ከሞጣ የወጣ ማኒፌስቶ

ጎበዝ! ይህ ቃል በመጀመሪያ ሙከራቸው ቀንሰው ለቀሩ ሰዎች አልተጻፈም። እነሱ ታድለዋል፤ ይመቻቸው። የተጻፈው ዘንድሮም፣ አምናም፣ ካቻምናም «ከሰኞ ጀምሮ» ላልን ሰዎች ነው። ቀሚሷን አስጠብባ መልሳ ላስፈታችው፣ ጂም የሦስት ወር ከፍሎ ሦስት ሳምንት ለሄደው፣ «ደግሞ ጀመራት!» የሚለውን ሳቅ ፈርታ አሁን በድብቅ ለምትሞክረው። ቢቸና ሱቅ ውስጥ ተቀምጠን የምንውል፣ ሞጣ ቢሮ ውስጥ ወንበር የምናሞቅ፣ ጠመኔ ይዘን የምናስተምር፣ ባጃጅ የምንነዳ ሰዎች ነን። ማኅተም የለንም፤ ሊቀመንበርም አንመርጥም። የሚያገናኘን መድገማችን ነው፤ እስከ ዛሬ ያፈርንበትን እሱኑ ይዘን ወደ አደባባይ ወጥተናል።

በቅድሚያ የሚቀርብብንን ክስ እንመልስ። የአማራ ክልል በግጭት እየታመሰ፣ የጤፍ ዋጋ አልቀመስ ብሎ፣ ስለ ቦርጭ ማውራት ነውር አይደለም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ ከክልሎች ሁሉ የባሰው ቁጥር ይህ ነበር። በዚያው ጥናት በመውለድ ዕድሜ ካሉ የኢትዮጵያ ሴቶች 22 በመቶው ከመጠን በላይ የከሱ፣ 8 በመቶው ከመጠን በላይ የወፈሩ ሆነው ተገኙ። የወፈሩት በከተማ ከገጠሩ በብዙ እጥፍ ይበዛሉ። እነዚህን ቁጥሮች የጠገበና የተራበ ሰፈር አድርጎ የሚያነብ ይሳሳታል። የቀነጨረ ልጅና ደም ግፊት ያለባት እናት ከአንድ መሶብ ሊበሉ ይችላሉ። እንጀራና ዳቦ፣ ዘይትና ስኳር ሆድ ይሞላሉ፤ እንቁላሉ፣ ወተቱ፣ ጎመኑ ግን ወይ ለገበያ ይወጣል ወይ አይገዛም። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በግጭቱ የተነሣ በጊዜ ቤት መግባት፣ በር ዘግቶ መቀመጥ፣ በጭንቀት መብላት ተጨምሯል። ስለ ክብደት ስናወራ የምናወራው ስለዚህ ገበታ ነው። ቅንጦት የመሰለው ሰው ሆስፒታል ሄዶ የስኳርና የግፊት ታካሚዎችን ወረፋ ይመልከት።

ሁለተኛው ክስ ከራሳችን አፍ የሚወጣው ነው፦ «እኔ ወኔ የለኝም።» ይህን ክስ አንቀበልም፤ ምክንያታችንንም እንናገራለን። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት 50 ወፍራም ሰዎችን ለ10 ሳምንት በጣም አነስተኛ ምግብ እየሰጠ ክብደታቸውን አስቀነሰ። ከዓመት በኋላ ደማቸው ሲመረመር ረሃብ የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለው ሆርሞን ገና ከፍ እንዳለ፣ ጥጋብን የሚያሳውቀው ሌፕቲን ደግሞ ዝቅ እንዳለ ነበር። ሰዎቹም ከመጀመሪያው ይልቅ እንደሚርባቸው ተናግረዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በአሜሪካ ቴሌቪዥን የክብደት ውድድር የተሳተፉ 14 ሰዎች ከ6 ዓመት በኋላ ሲመረመሩ፣ ከአንዱ በቀር ሁሉም ከቀነሱት መልሰዋል። ሰውነታቸውም በዕረፍት ላይ ሳለ ለቁመናቸው ከሚጠበቀው በቀን ወደ 500 ካሎሪ ያነሰ ያቃጥል ነበር። አሠልጣኝ፣ ሐኪም፣ ካሜራና የገንዘብ ሽልማት የነበራቸው ሰዎች ናቸው። ሽሮ እየሠራች፣ ልጅ እያዘለች፣ የጎረቤት ለቅሶ እየደረሰች የሞከረችው ሴት ሦስት ወር መዝለቋ ሊያስመሰግናት ሲገባ ስናሳፍራት ኖረናል።

ሰውነት የጠፋበትን ስብ እንደ ድርቅ ዘመን ይቆጥረዋል፤ አያቶቻችን ያለፉበትን ዘመን ላሰበ አይፈረድበትም። ይህን የማያውቅ ዕቅድ በ3ኛው ወር ይፈርሳል። እኛ ስንገዛ የኖርነው ደግሞ ይህን የማያውቁትን ዕቅዶች ነው፦ በ10 ቀን 10 ኪሎ የሚል የቲክቶክ ምክር፣ ማቅጠኛ ሻይ፣ በባዶ ሆድ ሎሚ፣ የአፕል አቸቶ፣ እንጀራን ጨርሶ መተው። ጎጃም ውስጥ እንጀራ ጨርሶ እተዋለሁ የሚል ሰው ራሱን ከቤተሰቡ ገበታ ማባረሩ ነው፤ ስንት ቀን ይችላል?

ከቢቸና ብዙም ሳይርቅ ዲማ ጊዮርጊስ አለ። የቅኔ ተማሪ እዚያ እንዴት እንደሚውል የምታውቁ ታውቃላችሁ። ቀን ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይቆጥራል፤ ማታ ለአስነጋሪው ይነግራል። ቤቱ ጎደለ፣ ምሥጢሩ ተሳከረ ተብሎ ይመለስበታል። በማግስቱ ሌላ ይቆጥራል። ጉባኤ ቃና ደጋግሞ ስለተበላሸበት ተማሪውን ከጉባኤ የሚያባርር የኔታ ሰምተን አናውቅም። የሚጠየቀው የት ላይ እንደሰበረው ነው፤ ተማሪውም ያንን ቦታ አንድ ጊዜ ካወቀው ሁለተኛ አይሰብርበትም፣ ቢሰብርም ያውቀዋል። እኛም ለእያንዳንዱ ደጋሚ የምናቀርበው ጥያቄ ይኸው ነው፦ የት ላይ ሰበርከው?

መልሱን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። የጥርና የሚያዝያ ሰርግ ላይ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ጾም በሌለበት። በአራስ ቤት። በማኅበር።

አራስ ቤቱን እናንሳ፤ ብዙዋ እናት መወፈር የጀመረችው እዚያ ነው፣ የሚናገርላት ግን የለም። ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን ክርስትና እስኪደርስ መሐሉ ተጎድጉዶ ቅቤ የሞላ ገንፎ፣ አጥሚት፣ እንደገና ገንፎ። ያረሰች ሴት መብላት አለባት፤ ልጅ ታጠባለች፣ ደም ፈሷታል፣ በዚህ ክርክር የለንም። ክርክራችን ከክርስትናው በኋላ ገንፎው ሳይቆም እስከ ሁለተኛው ልጅ መድረሱ ላይ ነው። የዚያች ሴት ባል «ሞላ ብለሽልኛል» ብሎ ደስ ይለዋል፤ ከ5 ዓመት በኋላ ደግሞ «ምነው እንዲህ ሆንሽ» ይላል። በዚህ ማኒፌስቶ ሁለቱንም ዓረፍተ ነገሮች ከልክለናል።

ከሁሉ የከበደው ግን አፍ ነው፤ የሰው አፍ። እኛ አገር «ወፈርክ» ምርቃት ነው፤ «ከሳህ፣ ምን ነካህ?» ደግሞ ክስ። የዚህን ክስ ታሪክ ወጣቶቹ ላያውቁት ይችላሉ። በ1997 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከመጀመሩ በፊት በነበሩት ዓመታት የከሳ ሰው ሁሉ ይጠረጠር ነበር። ሰዎች ለቅሶ ቤት ሲገቡ ጉንጫቸው ይታይ ነበር፤ ወፍሮ መታየት በሽታው እንደሌለብህ ማስረጃ ነበር። ያ ፍርሃት መድኃኒቱ ከመጣ በኋላም ከምላሳችን አልወረደም። ዛሬ 5 ኪሎ የቀነሰች ሴት ቡና ላይ ስትቀመጥ ጎረቤቷ በጆሮዋ «ደህና ነሽ ግን?» ትላታለች። የዚያኑ ዕለት ማታ መልሳ ትበላለች። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕጋችን ኪሎ የሚነካ አይደለም፦ የማንንም ሰው ቁመና ሰላምታ አናደርግም። አልከሳህም፣ አልወፈርክም፤ «እንዴት ከረምክ» ይበቃል።

ቀጥሎ «በሞቴ» አለ። «አፈር ስሆን ብዪ» አለ። ሁለት ጉርሻ አለ፣ ሦስተኛው ደግሞ የሥላሴ ነው። እንግዳ መቀበል ክብራችን ነው፤ ይህ ክብር እንዲቀር የሚፈልግ ከእኛ ወገን አይደለም። የምንለው አስተናጋጅ ሞቱን ሳይጠራ አንድ ጊዜ ይለምን፤ እንግዳው «በቃኝ» ሲል ይመን። እማማዎቻችን ይህን ሲሰሙ እንደሚቆጡ እናውቃለን። ይቆጡ። እነሱኑ ስኳርና ግፊት እንዳይጥላቸው ነው የምንለፋው።

ስለ ጾም ጥንቃቄ እናደርጋለን። ጾም የነፍስ ጉዳይ ነው፤ የቦርጭ መድኃኒት አድርጎ ማቅረብ ድፍረት ነው። ልምድም አያግዘውም፦ 55 ቀን ዐቢይ ጾምን በሥርዓቱ ጾሞ በፋሲካ ወፍሮ የሚወጣ ሰው ሞልቷል፣ እስከ 9 ሰዓት ቆይቶ በዘይት የራሰ ፍርፍር፣ በላዩ ቦንቦሊኖ፣ በላዩ ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ ካከለበት። የሞጣ ሙስሊም ወንድሞቻችንም የረመዳን ማታ ሳምቡሳና ጣፋጭ ምን እንደሚያደርግ ይነግሩናል። ከጾሙ የምንወስደው አንድ ነገር ነው፦ ሳያቋርጥ መመለሱን። ፍልሰታ አልፎ ነቢያት ይመጣል፣ ነቢያት አልፎ ነነዌ፤ አምናን ያልጾመ ሰው ዘንድሮ አትችልም አይባልም።

ታዲያ ምን እናደርጋለን? ትንሽ። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመው፣ ከ3,200 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት የአሜሪካ የስኳር በሽታ መከላከያ ጥናት አኗኗራቸውን እንዲለውጡ ለተመደቡት ተሳታፊዎች የሰጠው ግብ የክብደታቸውን 7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ብቻ ነበር። ለስኳር በቀረቡት በእነዚያ ሰዎች ላይ በሽታው በ58 በመቶ ቀነሰ። 7 በመቶ ማለት 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 6 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ሰርግ ላይ ሰው ላያስተውለው ይችላል፤ ቆሽትና ጉበት ግን ያስተውሉታል። ከዚያ በኋላ ሌላ ኪሎ አንቀንስም፤ ያንን ዓመት ሙሉ እንጠብቃለን። መጠበቁን ሥራ ብለን የምንቆጥረው እኛ ሳንሆን አንቀርም፤ ሌላው ሁሉ የሚሸጠው መቀነስን ነው።

150 ደቂቃው ጂም አይጠይቅም። ከዓባይ ቆላ ወጥቶ ሞጣ ገበያ የሚደርስ ገበሬ በአንድ ቀን የሳምንቱን ይጨርሳል። እኛ ከቤት እስከ መሥሪያ ቤት ባጃጅ እንይዛለን (ባጃጅ ነጂዎቹ ከእኛ ጋር ስለሆኑ ሒሳባቸውን አንነካም፤ ጠዋቱን ይዘው ማታውን ይተዉልን)። ሴት በቱታ ስትራመድ የሚያፏጭ ጎረምሳ እስኪያፍር ድረስ ነጠላ ለብሰን፣ አምስት ስድስት ሆነን እንራመዳለን።

ወጥ ቤት ውስጥ የምንይዘው ማንኪያውን ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ከጀሪካን ሲንቆረቆር ግን ማን ይቆጥራል? የሚረጋውን የፓልም ዘይት ትተን ወደ ኑጋችን ብንመለስ ለልብ ይበጃል፤ ኑግ ነው ተብሎ ግን እንደ ውሃ አይፈስም፣ ካሎሪው ያው ነው። ለስላሳ በ100 ሚሊ ሊትር 10 ግራም ገደማ ስኳር ይዟል። የዓለም ጤና ድርጅት ቢቻል በቀን ከ25 ግራም በታች ሲል አንድ ጠርሙስ ብቻውን ያልፈዋል። እንግዳን በለስላሳ ማክበር ከመቼ ወዲህ የጎጃም ባህል ሆነ? ድራፍቱንና አረቄውንም ከምግብ እንቆጥራለን፤ በተለይ «እኔ እኮ እራት አልበላም» የሚሉ ወንዶች ይቁጠሩ።

እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ የተቋቋመ አንድ መዝገብ 13 ተኩል ኪሎ ገደማና ከዚያ በላይ ቀንሰው ቢያንስ ዓመት የጠበቁ ሰዎችን ያሰባስባል። ከ10ሩ 9ኙ ያህል ቀድሞ ሞክረው የመለሱ ነበሩ። በፈቃዱ የሚመዘገብ የተሳካለት ሰው ብቻ ስለሆነ የሁላችንም ዕድል አድርገን አናነበውም፤ ቢሆንም የተሳካላቸው ከደጋሚዎች ወገን መሆናቸውን ያሳያል። አብዛኞቹ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ይመዘናሉ። ሚዛን ከሌለን አስፋልት ዳር ሚዛን ይዞ የሚቀመጠው ልጅ አለ፤ ሜትር ደግሞ ልብስ ሰፊው ጋ አይጠፋም። ወገቧ ከ80 ሴንቲ ሜትር ያለፈ ሴት፣ ከ94 ያለፈ ወንድ ቀጭን መስለው ቢታዩም ግፊታቸውን ይለኩ።

ስለ አዲሶቹ መርፌዎች የሚጠይቁን አሉ። ሴማግሉታይድን የመሰሉት በእርግጥ ይቀንሳሉ፤ ሐኪም ላዘዘለትና ለቻለ ሰው አንቃወምም። መርፌውን ያቆሙ ሰዎች ግን በዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን ያህል መልሰዋል። በውድ ዋጋ የሚገዛ መድኃኒት እንኳ ሲቆም የሚመለስ ከሆነ፣ በሎሚና በአቸቶ የመለስነው እኛ ምን ያሳፍረናል?

ከመንግሥትም የምንጠይቀው አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት ሲሄድ ሕፃን መመዘን አስተምሮናል። የእናቲቱና የአባትዬው ወገብና ግፊትም በዚያው ጉብኝት ይለካ። ሐኪሞችም «ቀንስ» ብለው ካርዱን አይመልሱ፤ ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ እንደሞከረና የት ላይ እንደሰበረ ይጠይቁት።

የምንሰባሰበው በማኅበር ወግ በወር አንድ ጊዜ፣ በተራ በየቤቱ ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚቀመጥበት። ባለ ተራው ድግስ አይደግስም። ቡና ይፈላል፣ ስኳሩ ለብቻው ይቀርባል፣ ለቡና ቁርስ ሽምብራ ቆሎ ይበቃል። የሚዛኑ ልጅ ይጠራል፤ ሒሳቡን ማኅበርተኛው በጋራ ይከፍላል። ኪሎውን መናገር የማይፈልግ ለራሱ ይጻፍ። ባለፈው ወር የጨመረ ሰው ቀድሞ ይናገራል፤ እሱ ሲናገር የሚስቅ ቢገኝ የቀጣዩን ወር ቡና እሱ ያፈላል። በመሐል ለሦስት ወር ጠፍቶ የመጣም የት ነበርክ አይባልም። ወንበር ይሳብለትና በደብተሩ ካቆመበት ገጽ ቀጥሎ ባለው የዕለቱን ቀን ይጻፍ።