ከዱጉና ፋንጎ እንፋሎት በፊት የሚመጣው ወጪ

ዲምቱ መቀመጫው የሆነው የወላይታው ዱጉና ፋንጎ ወረዳ በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር እንፋሎት እምቅ ሀብት እንዳላቸው ከተለዩ አካባቢዎች አንዱ ነው። ድርቅ የግድቦችን ውኃ ሲቀንስ ፋብሪካዎችን ከናፍጣ ጄኔሬተር የሚያድነው እንዲህ ያለው ኃይል ነው።

ኢትዮጵያ በተባበሩት መንግሥታት ድጋፍ ጥናቱን በ1960ዎቹ መጀመሪያ ብትጀምርም፣ 7.3 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የታቀደው የአሉቶ ላንጋኖ የሙከራ ጣቢያ የተተከለው ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ጎረቤት ኬንያ በበኩሏ ከ900 ሜጋ ዋት በላይ ደርሳለች።

እንቅፋቱ የሀብት እጦት ሳይሆን ቁፋሮው ነው። አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ሚሊዮኖች ዶላር ፈጅቶ ባዶ ሊወጣ ስለሚችል ባንኮች ለማበደር ያመነታሉ። የአፍሪካ ኅብረት ከጀርመንና ከአውሮፓ አጋሮች ጋር በ2004 ዓ.ም. ያቋቋመው የስጋት መጋሪያ ፈንድ የታሰበው ለዚሁ ሲሆን፣ ድጋፉን የሚያገኘው ግን ተወዳድሮ ያሸነፈ ፕሮጀክት ብቻ ነው።