የሒሳብ ሊቃውንት ቃል በቤታችን ቋንቋ ይሰማ

የተከበራችሁ ወላጆቻችንና የማኅበረሰባችን ሽማግሌዎች፤

የታላላቅ የሒሳብ ሊቃውንት አባባሎች ወደ ኡርዱ ቋንቋ ተተርጉመው ይነበባሉ። ኡርዱ በፓኪስታንና በህንድ የሚነገር፣ እንደ ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ የሚጻፍ ቋንቋ ነው። ከተናጋሪዎቹ ብዙዎቹ ሒሳብን በእንግሊዝኛ ስለሚማሩ፣ «ትርጉሙ ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው አይጠፋም። እኛ ግን ድካሙ ከንቱ አይደለም እንላለን።

አንደኛ፣ ቋንቋ የሚያድገው ከባድ ሐሳብ ሲሸከም ነው። በህንድ አገር፣ በሃይደራባድ ከተማ በ1918 የተመሠረተው የኡስማኒያ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ሳይንስን ሳይቀር በኡርዱ አስተምሯል፤ መጻሕፍቱን የሚተረጉም ክፍልም ነበረው። በአገራችን በእስራኤልም በ1913 የሐይፋው ቴክኒዮን በጀርመንኛ ያስተምር ወይስ በዕብራይስጥ የሚል ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ትምህርቱ በ1924 ሲጀመር በዕብራይስጥ ሆነ። ዛሬ እኛ ማቴማቲካን በዕብራይስጥ የምንማረው ቀደም ብለው የደከሙ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

ሁለተኛ፣ ጥሩ አባባል ለተማረውም ላልተማረውም ይገባል። አንድ የግብፅ ንጉሥ ጂኦሜትሪን በአቋራጭ መማር ይቻል እንደሆነ ጠይቆት፣ ሊቁ ኤውክሊድ ለነገሥታት ተብሎ የተለየ መንገድ የለም ብሎ መለሰለት ይባላል። ይህን ለመረዳት ጂኦሜትሪ ማወቅ አያስፈልግም። ንጉሡም ባላገሩም በትምህርት ፊት እኩል እንደሆኑ አያቶቻችን ወዲያው ይረዱታል።

በብዙ ቤቶች ግን ወላጅ «ይህ የናንተ ትምህርት ነው፣ እኛ አናውቀውም» ይላል፤ ልጁም ዝም ይላል። እንዲህ ከቀጠለ አማርኛችን የሰላምታና የምግብ ቋንቋ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ወላጅም ከልጁ ትምህርት ይርቃል። ነገሩ ግን ለኛ ባዕድ አይደለም። በአማርኛ ሒሳብ የምንለውን ኡርዱም ሒሳብ ይለዋል፤ ዕብራይስጡም ሔሽቦን ሲል ቃሉ ዘመድ ነው።

ስለዚህ አንድ ልመና አለን። እኛ ልጆቻችሁ የሊቃውንቱን አባባል ከዕብራይስጥ እናምጣ፤ እናንተ ደግሞ የሚስማማውን የአማርኛ ቃል ስጡን። ትግርኛ በሚነገርባቸው ቤቶችም እንዲሁ ይደረግ። በሳምንት አንድ አባባል ቢበቃ ነው። እኛ ቁጥሩን እናውቃለን፤ የቋንቋው ባለቤቶች ግን እናንተ ናችሁ። ሁለቱ በአንድ ገበታ ይገናኙ።