ተቅማጡ ስላልቆመ ኦ.አር.ኤስ. አልሠራም አይባልም

በአንድ የተረኝነት ምሽት አንዲት እናት የሁለት ዓመት ልጇን አቅፋ መጣች። የተሰጣትን ኦ.አር.ኤስ. ግማሽ ቀን አጠጥታ ትታዋለች። «ዶክተር፣ ሰጠኋት፤ ተቅማጡ ግን አልቆመም። ውኃው የጨመረባት መሰለኝ» አለችኝ። የልጅቱ ዓይኖች ጎድጉደዋል፤ እያለቀሰች እንባ የላትም። በደም ሥር ፈሳሽ ተሰጥቷት ተረፈች።

እናቲቱን መውቀስ አልቻልኩም። ዱቄቱ ምን እንደሚሠራ የነገራት ሰው የለም። እኛ ሐኪሞች ምክንያቱን በፊዚዮሎጂ ትምህርት ለፈተና ሸምድደን፣ ከፈተናው ማግስት እዚያው ትተነው እንወጣለን።

የምክንያቱ ሥር የሚገኘው በአሜሪካዊው ኧርል ሰዘርላንድ ምርምር ውስጥ ነው። ጥያቄው አድሬናሊን ጉበትን «ስኳር ልቀቅ» ብሎ የሚያዘው እንዴት ነው የሚል ነበር። በ1950ዎቹ ክሊቭላንድ ውስጥ ከባልደረቦቹ ጋር እንዳሳየው፣ ሆርሞኑ ወደ ሕዋሱ ውስጥ አይገባም። ደጅ ላይ ቆሞ ያንኳኳል፤ በሕዋሱ ሽፋን ላይ ያለ ኢንዛይም ደግሞ ሳይክሊክ ኤ.ኤም.ፒ. የተባለ መልእክተኛ ሠርቶ ወደ ውስጥ ይልካል። ሥራው ሲያልቅ ሌላ ኢንዛይም መልእክተኛውን ያፈርሰዋል። ሰዘርላንድ በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1971 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰር ነበር።

የጉበት ጥናት ከተቅማጥ ጋር ምን አገናኘው? የኮሌራ መርዝ ይህንኑ መልእክተኛ ሠሪ ኢንዛይም እንደበራ ያስቀረዋል፤ የአንዳንድ የኢ. ኮላይ ዝርያዎች መርዝም እንዲሁ። የአንጀት ሕዋስ «ጨውና ውኃ አፍስስ» የሚል ትእዛዝ ያለማቋረጥ ይደርሰዋል። ኦ.አር.ኤስ. ይህን ማብሪያ አያጠፋም። ነገር ግን ስኳርና ጨው አብረው የሚገቡበት ሌላ በር አለ፤ መርዙ ያንን በር አይዘጋውም። ሁለቱ ሲገቡ ውኃው ይከተላቸዋል። ስለዚህ ልጁ ተቅማጥ እያለውም ከሚጠጣው ፈሳሽ አብዛኛው ወደ ደሙ ይገባል። ዱቄቱን ስንሰጥ «ተቅማጡን ወዲያው አያቆምም፤ የወጣውን ውኃ ግን ይተካል» ማለት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅብንም። ባለመናገራችን ጥፋቱ የእኛ ነው።

መጠኑም በግምት አይሆንም። በተለመደው እሽግ ውስጥ ለ1 ሊትር ውኃ 13.5 ግራም ግሉኮስና 2.6 ግራም የገበታ ጨው አለ። «ይጣፍጥለት» ብሎ ስኳር መጨመር ወይም ውኃውን ማሳነስ ፈሳሹን መልሶ ወደ አንጀት ይስባል። እሽጉ ላይ የተጻፈውን የውኃ መጠን አይተው በንጹሕ ውኃ ይበጥብጡ፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ይድፉ። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ያህል ቆይተው በማንኪያ ቀስ እያሉ ይቀጥሉ። ጡት አይቋረጥ፤ የታዘዘለትን ዚንክም ተቅማጡ ቢቆም እንኳ እስከ መጨረሻው ይስጡት።

ልጁ ከደከመና ከፈዘዘ፣ መጠጣት ካቃተው፣ የሰጡትን ሁሉ ካስመለሰ ወይም ሰገራው ደም ከቀላቀለ ግን ቤት ውስጥ አይጠብቁ። መንገድ ላይም ቢሆን እያጠጡት ወደ ጤና ተቋም ይምጡ።