ሰዓቱ በሐበሻ ነው

ባለፈው ወር የአባቴ ሰዓት መቅደም ጀመረ። አንድ ሁለት ደቂቃ ቢሆን ዝም እለው ነበር፤ ጠዋት አስተካክዬው ወጥቼ ማታ ቤት ስገባ ግን ሩብ ሰዓት ያህል ጥሎኝ ሄዷል። በጊዜ መድረስ የማላውቅ ሴት ለአንድ ሳምንት ያህል የሄድኩበት ሁሉ ቀድሜ ተገኘሁ።

እናቴ “አርጅቷል፣ ተይው” አለችኝ። እሷ ድሮም ይኼን ሰዓት አትወደውም፤ የወንድ ነው፣ ለሴት እጅ ይከብዳል ትላለች። የአሥራ አራት ዓመቱ ልጄ ደግሞ አክስቱ ከአሜሪካ የላከችለትን ስማርት ሰዓት ዘርግቶ አሳየኝ። “የኔ ተሳስቶ አያውቅም።” እውነቱን ነው። የሱ ሰዓት ከስልኩ ጋር እየተነጋገረ ራሱን ያስተካክላል፤ እርምጃውን ይቆጥርለታል፤ የልብ ምቱን ይለካለታል፤ እኔ ስደውል እጁ ላይ ይንቀጠቀጣል (አያነሣም እንጂ)።

የኔን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ከቤቴል ወደ ኮልፌ አጠና ተራ ሄድኩ። እዚያ አስፋልት ዳር፣ ጃንጥላ ሥር፣ አንዲት የመስታወት ሣጥን ፊታቸው አስቀምጠው የሚውሉ ሰዓት ሠሪ አሉ። አባቴ ደንበኛቸው ነበር። ምን እንዳገኙበት ከመናገሬ በፊት ግን ለአንድ አሮጌ ሰዓት ለምን እንዲህ እንደምደክም ልንገራችሁ።

ሰዓቱ ውድ አይደለም። ሴይኮ ፋይቭ ነው፤ አባቴ ከመርካቶ ነጋዴ ነው የገዛው። የቀኑ መስኮት በእንግሊዝኛም በዓረብኛም ይጽፋል፤ ለዓረብ አገር ገበያ ተሠርቶ ወደኛ የተሻገረ መሆን አለበት። እናንተም ቤት የቆየ ሴይኮ ካለ ጀርባውን ገልብጡና መለያ ቁጥሩን እዩ፤ የመጀመሪያው አኃዝ የተሠራበት የፈረንጅ ዓመት መጨረሻ ነው፣ ሁለተኛው ወሩ። የአባቴ 8 እና 3 ብሎ ይጀምራል፤ ማርች 1978 መሆኑ ነው። 1988 እንዳይባል በ1973 ዓ.ም. የሠርጉ ፎቶ ላይ እጁ ላይ ይታያል።

ባትሪ የለውም። ውስጡ ያለው ግማሽ ክብ ብረት እጅ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይሽከረከርና ሞላውን ያጠብቃል፤ ሞላው ደግሞ ቀስ እያለ ሲፈታ ጥርሶቹን ያዞራል። (ይኼ “ሞላ” ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው፤ ግን “ሰዓት ሞላሁ” ከሚለው ከራሳችን ግሥ ጋር እንዴት እንደተስማማ እዩት።) ከእጅ ከወለቀ ሁለት ቀን ሳይሞላው ይቆማል። አባቴ ያረፈ ዕለት እኔ ነኝ ከእጁ አውልቄ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጥኩት። በሠልስቱ ጠዋት ነጠላ ስፈልግ መሳቢያውን ከፈትኩ፤ ቆሟል።

ደግሜ እጄ ላይ ሳስረው ነው አንድ ነገር ያስተዋልኩት፤ አባቴ ሰዓቱን የሚሞላው በሐበሻ ነበር።

ብዙዎቻችን የእጅ ሰዓታችንን በፈረንጅ ትተን ተቃራኒውን ቁጥር ማንበብ ለምደናል። ሰዓት ቆጣሪው 7 ላይ ከሆነ ጭራው 1ን ያያል፤ አንድ ሰዓት ነው። የስድስት ሰዓቱ ልዩነት ልክ ግማሽ ክብ ስለሆነ ሁለቱ አቆጣጠሮች አንድ ፊት ላይ ተስማምተው ይኖራሉ። ቁጥር ብቻ የሚያሳይ ሰዓት ጭራ የለውም፤ መደመርና መቀነስ ይጠይቃል። አባቴ ግን ለጭራውም ትዕግሥት አልነበረውም። ሦስት ሰዓት ከሆነ ቆጣሪው 3 ላይ መሆን አለበት፣ አለቀ።

ቀኑንም እንደዚያው። እንዲህ ያለ ሰዓት ላይ ቀኑ የሚለወጠው ሁለቱ ቆጣሪዎች 12 ላይ ሲገናኙ ነው፤ ለፈረንጅ እኩለ ሌሊት ላይ ማለት ነው። በሐበሻ ሲሞላ ግን ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይለወጣል፤ ሌሊቱ ለትናንት ይቀራል። (ማታ 12 ላይ ከተለወጠባችሁ አሥራ ሁለት ሰዓት ወደፊት አዙሩት።) ችግሩ ወሩ ላይ ነው። ሰዓቱ እስከ 31 ሊቆጥር ይፈልጋል፤ የኛ ወር 30 ነው። ስለዚህ በየወሩ መባቻ ጠዋት አባቴ ማስተካከያውን አንድ ደረጃ ስቦ 31ን ያዘልለዋል። ጳጉሜን ሲያልቅ ደግሞ ሥራ አለ፤ የዕንቁጣጣሽ ጠዋት ሰዓቱ 6 ብሎ ይነሣል፤ 1 ላይ ለመድረስ 26 ጊዜ ይዞራል። ልጅ ሆነን ይኼን እኔና ወንድሜ ተጋፍተን ነበር የምናዞረው፤ ለምን እንደምናዞረው ግን ጠይቀን አናውቅም።

ይኼ የርካሽ ሰዓት ችግር እንዳይመስላችሁ። የዓፄ ኃይለ ሥላሴ የነበረች አንዲት የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ በ2008 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ክሪስቲስ በተባለው አጫራች ልትሸጥ ነበር፤ የባለቤትነት ጥያቄ ተነሥቶ ከሽያጩ ወጣች። በ2009 ዓ.ም. ተመልሳ ቀረበችና ወደ 2.9 ሚሊዮን ዶላር አወጣች። ከነዚያ “ዘላለማዊ ካላንደር” ከሚባሉት አንዷ ናት፤ ወሩ 30 ይሁን 31፣ ፌብሩዋሪ 28 ይሁን 29 ማንም ሳይነግራት ታውቃለች፤ የጨረቃዋን መሙላትና መጉደልም ታሳያለች። ጳጉሜንን ግን አታውቃትም።

የልጄን ሰዓት በሐበሻ ለማድረግ ደግሞ አንድ እሑድ ሙሉ ታግያለሁ። አይቻልም ማለት አይደለም፤ ለዚህ የተሠራ መተግበሪያ ይጫናል። ያለ መተግበሪያ ያገኘነው መንገድ ማታለል ነው፤ ስልኩ ላይ ከተማ ምረጥ ሲል አዲስ አበባን ትቶ ቦነስ አይረስን መስጠት። አርጀንቲና ከኛ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች እዚያ ከሌሊቱ አንድ ሰዓት ሲሆን እኛ ጋ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። ልክ መጣ! ደስታችን እስከ ሰኞ ቆየ። ሰኞ የመቀስቀሻው ደወልና የቀጠሮ ማስታወሻው ሁሉ ተዘበራረቀ፤ ልጄም በቁጣ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ያ ሰዓት ጊዜውን የሚቀበለው ከላይ ነው፤ እጁ ላይ ያሰረው ሰው በጠዋት ተነሥቶ “በኛ ቤት እንዲህ ነው” ሊለው አይችልም።

ወደዚህ የተደረሰበት መንገድ ከኛም አገር ታሪክ ጋር ይገናኛል። አበበ ቢቂላ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሲያሸንፍ የኦሊምፒኩ ሰዓት ያዥ ሴይኮ ነበር፤ ለዚያ ውድድር ካዘጋጃቸው መሣሪያዎች መካከል በኳርትዝ የሚሠሩ ተንቀሳቃሽ ሰዓቶች ይገኙበታል። አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም.፣ ያው ኩባንያ ኳርትዙን እጅ ላይ አሰረው፤ የመጀመሪያው የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ዋጋ ከአንድ ትንሽ መኪና ጋር የሚስተካከል ነበር። ዋጋው ቶሎ ወረደ። የአባቴ ሰዓት በሰከንድ 6 ጊዜ ይመታል፤ ዛሬ በየሱቁ የምናገኘው የኳርትዝ ሰዓት ውስጥ ያለችው ድንጋይ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትንቀጠቀጣለች። በፈረንጅ 1970 ወደ 90 ሺህ ሰው ይሠራበት የነበረው የስዊዘርላንድ ሰዓት ሥራ በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ 30 ሺህ ግድም ወርዷል።

በትክክለኛነት እንወዳደር ከተባለ ክርክር የለም። ጤነኛ የሆነ የድሮ አውቶማቲክ በቀን ግማሽ ደቂቃ ቢቀድም ወይም ቢዘገይ አይታማም፤ ርካሹ የባትሪ ሰዓት ያንን በወር ውስጥም አይሳሳትም። የልብ ሕመም ያለበት ዘመድ ያለው ሰው የልብ ምት የሚያስጠነቅቅ ሰዓት ቢገዛለት እኔ አሮጌውን አድርግ አልለውም። ስልክ አለኝ፣ የእጅ ሰዓት ለምኔ ለሚለው ግን መልስ አለኝ፤ ታክሲ ተራ ግፊያ ውስጥ ስልክ አውጥቶ ሰዓት የሚያይ ሰው ልቡ የት እንደሚገኝ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ወደ ጃንጥላው ልመለስ። ሽማግሌው ሰዓቱን ገና ሲያዩት “የእገሌ ልጅ ነሽ” አሉኝ፤ ያወቁት እኔን ሳይሆን ሰዓቱን ነው። አንዲት ትንሽ ኮምፓስ አወጡና አጠገቡ አኖሯት። መርፌዋ ተንቀጠቀጠችና ወደ ሰዓቱ ዞረች።

“ማግኔት ይዞታል። የት ነው የምታሳድሪው?”

ለካ በየሌሊቱ ስልኬ ላይ ነው የማስቀምጠው። የስልኩ ሽፋን ሲዘጋ የሚያያዝበት ማግኔት አለው። ፀጉር የመሰለችው የሰዓቱ ቀጭን ሞላ ማግኔት ሲነካት ጥቅልሎቿ እርስ በርስ ይጣበቁና ታጥራለች፤ ስታጥር ትፈጥናለች። ድምፅ ማጉያ ላይ የሚያስቀምጡም እንዲሁ ያበላሹታል አሉኝ። መድኃኒቱ አንዲት ቁልፍ ያላት ሣጥን ናት፤ ከጎረቤት ሱቅ በተሳበ ገመድ ትሠራለች። መብራት ግን ጠፍቶ ነበር።

እስኪመጣ ልንጠብቅ ተቀመጥን። እስከዚያው ክዳኑን ልክፈተው አሉ። ምክራቸውን የሰማሁት ያኔ ነው፤ ለእናንተም ስለሚጠቅም ልጻፈው። የደበዘዘ ፊት ቀለም አይቀባም፤ የተቀባ ሰዓት ዋጋውም መልኩም ይሄዳል። “ውኃ አያስገባም” የሚለው ጽሑፍ ለአዲስነቱ ነው፣ ከዓመታት በኋላ ጎማው ይደርቃል፤ ለጥምቀት አውልቁት። የአያት ሰዓት ካላችሁና ቁጥሮቹ በጨለማ የሚያበሩ ከነበሩ ደግሞ እንዳትከፍቱት፤ በፈረንጅ ከ1960ዎቹ በፊት በተሠሩ ብዙ ሰዓቶች ላይ ቀለሙ ራዲየም ነበረበት፤ ብርሃኑ ቢጠፋም ጨረሩ አልጠፋም። ልጆች እንዳይነካኩት።

ክዳኑ ሲከፈት ውስጡን ወደ ብርሃን አዞሩልኝ። በመርፌ የተጫሩ ሦስት ቁጥሮች አሉበት፤ 78፣ 85፣ 96። ሰዓት ሠሪ አጥቦ ዘይት ሲቀባ ዓመቱን ይጭራል። “96 የኔ እጅ ነው። 85 የመምህሬ ነው፣ መርካቶ እሱ ዘንድ ነው የተማርኩት፤ ነፍሱን ይማር።” እሳቸው ራሳቸው ተማሪ እንዳላቸው ጠየቅኳቸው። ማዶ ያለውን የስልክ ጥገና ሱቅ በአገጫቸው አሳዩኝ። “ሁለት አስተምሬ ነበር። እዚያ ናቸው።”

መብራቱ መጣ። ሣጥኗ አንዴ ጮኸች፤ የኮምፓሷ መርፌ ዳግም ሲያስጠጓት ዝም አለች። የዘንድሮን ዓመት ከ96 በታች ጭረው ክዳኑን ገጠሙት።

ቤት እስክደርስ ያሰብኩት ግን 85ን ነው። በ1985 አባቴ ከሥራ ተቀንሶ ቤት ውሏል። እኔ የወንድሜን ጫማ ጫፉን በጨርቅ ሞልቼ ትምህርት ቤት የሄድኩበት ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ሰዓት ያሳጥባል?

እናቴን ጠየቅኳት። ቡና እየቆላች ነበር፤ ቀና አላለችም።

“ሊሸጠው ነው ያሳጠበው። እንዲያምር፣ ዋጋ እንዲያወጣ። ሰው ሁሉ አይቶለት ነበር።”

“እና?”

“እና ጠዋት ሊሄድ ሲል እጁን አየሁት። ባዶ እጁን ሥራ ፍለጋ ሊሄድ። ያን ዕለት የጆሮ ወርቄን ፒያሳ ወስጄ ሸጥኩት።” መቁያውን አወዛወዘች። “እሱ አያውቅም። ከእህቴ ተበደርኩ ነው ያልኩት።”

ምን እንደምላት ጠፋኝ። ቡናው እስኪቆላ ዝም ተባባልን። ከዚያ ወደ እጄ አየችና፣

“ስንት ሰዓት ሆነ?”

“አሥራ አንድ ተኩል።” በሐበሻ ነው በፈረንጅ አላለችኝም።

“ይቀድማል አላልሽም?”

“አሠራሁት።”

“ስንት አስከፈሉሽ?”

ነገርኳት።

“ረክሶልሻል” አለችኝ፤ ቡናውን ልታሸትተኝም አቀረበችልኝ።