ጥበቡን የሠራው ዓይን መነጽር የለውም

መነጽር የሕክምና ዕቃ ብቻ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ንግዱ የተለወጠበት ዓመት ይጠቀስ ከተባለ እ.ኤ.አ. 1988 ይጠቀሳል፤ የጣሊያኑ ፍሬም አምራች ሉክሶቲካ ከጆርጅዮ አርማኒ ጋር የተዋዋለበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ የልብስ ዲዛይነር ስም በመነጽር ጎን ላይ ታትሞ ማየት የተለመደ ሆነ። መነጽር ቤቱም አብሮ ተለወጠ። በሚላን፣ በፓሪስና በኒውዮርክ የዲዛይነር መነጽር ቡቲክ ግማሹ ሱቅ፣ ግማሹ የትርዒት አዳራሽ ነው። አዲስ ፍሬም ሲወጣ እንግዳ ይጠራል፣ ሞዴል ይቆማል፣ ልብስ ሠሪውና መነጽር ሠሪው ጎን ለጎን ፎቶ ይነሳሉ።

የእነዚያ ታላላቅ ስሞች ፍሬም ዛሬ በቦሌ መስኮቶችም ይታያል። ዝግጅቱም ተከትሎ መምጣቱ አይቀርም። ጥያቄው ሲመጣ ምን ይዞ፣ ወዴት ይምጣ የሚለው ነው።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚል ይኖራል። ሕዝቡ የዓይን ምርመራ ሳያገኝ የመነጽር ፋሽን ምን ያደርጋል? ነገሩ እውነት ይመስላል፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። በየቤቱ መነጽር የሚያሳፍረው ሰው ሞልቷል። «መነጽር ከለመደ ዓይኑ ጨርሶ ይደክማል» ብሎ ልጁን የሚከለክል ወላጅ አለ። ሰው ሲመጣ መነጽሯን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ የምትከት ወጣት አለች። የሚገርመው፣ በአማርኛ «አራት ዓይና» ለታላቅ ሊቅ የሚሰጥ ማዕረግ ነው፤ በትምህርት ቤት ግቢ ግን መነጽር ያደረገ ልጅ መቀለጃ ይሆናል። ይህን ሐፍረት የሐኪም ምክር ብቻውን አይሰብረውም። ቆንጆ ፍሬም፣ ዝነኛ ፊትና ጥሩ ፎቶ ይሰብሩታል። ፋሽን ለዓይን ጤና ያደረገው ትልቁ ውለታ ይኸው ነው።

እዳ ያለበት ግን ሌላ ቦታ ነው።

የኢትዮጵያ ፋሽን በዓለም ፊት የሚታወቅበት አንድ ነገር ቢኖር ጥለቱ ነው። ሞዴሏ ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 ለምለም የተባለውን የልብስ ድርጅት ስትመሠርት መነሻዋ የአገሯ ሸማኔዎች ገበያ ማጣታቸው ነበር። በአዲስ አበባ ስም ያላቸው ዲዛይነሮችም ሥራቸው የቆመው በሸማኔ እጅ ላይ ነው። ሸማኔው ደግሞ በሽሮ ሜዳ ብቻ አይደለም ያለው። ከጋሞ ተራሮች የመጡ ብዙ ሸማኔዎች ኑሯቸውን በቡራዩ መሥርተዋል። ሸማኔ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጦ፣ በእግሩ እየረገጠ፣ በጣቱ ክር እየቆጠረ ያነሳል። አንዲት ክር ከተሳሳተች ጥለቱ ይዛነፋል፤ ዲዛይነሩም አይቀበለውም።

አሁን ወደ ዓይኑ እንመለስ። ሰው አርባ ዓመት ገደማ ሲሞላው በዓይኑ ውስጥ ያለው ሌንስ እየደረቀ ይሄዳል፤ ቅርብ ያለ ነገር ብዥ ማለት ይጀምራል። በሽታ አይደለም፤ ዕድሜ ነው፤ ለማንም አይቀርም። ለሹፌሩ ብዙም ላይታወቀው ይችላል። ለሸማኔው ግን የእንጀራ ጉዳይ ነው። ሙያው በሰለበት፣ እጁ በተፈታበት ዕድሜ ዓይኑ ይከዳዋል። ጥለቱን ለልጆች ትቶ ተራ ጋቢ መሥራት ይጀምራል፤ ገቢውም አብሮ ይወርዳል። መፍትሔው አንድ ቀላል የንባብ መነጽር ነው፤ በዓለም ላይ ካሉት የሕክምና ዕቃዎች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ።

ይህ በጥናት ተመዝኗል። በህንድ አሳም ግዛት ዕድሜያቸው ከ40 በላይ የሆነ ሻይ ለቃሚዎች የቅርብ መነጽር ሲሰጣቸው በቀን የሚለቅሙት መጠን ወደ 22 በመቶ ገደማ ጨመረ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው የባንግላዴሽ ጥናት ደግሞ መነጽር ያገኙ ሠራተኞች ገቢ በ33 በመቶ ገደማ ከፍ ማለቱን አሳይቷል። በኢትዮጵያ በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የዓይን ጥናት ከሕዝቡ 3.7 በመቶው ዕይታው የደከመ መሆኑን ሲያገኝ፣ ከእነዚህ ሲሦ የሚሆኑት ችግራቸው በመነጽር የሚታረም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ የቅርብ ዕይታ ችግራቸው ያልታረመላቸው ሰዎች 826 ሚሊዮን ናቸው።

እንግዲህ የመነጽርና የፋሽን ጥምረት በኢትዮጵያ የራሱ መልክ ሊኖረው ይችላል። ሚላን መኮረጅ አያስፈልገውም። ሦስት ከተሞች ቅርብ አሉ፤ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ።

ቡራዩ ላይ፣ የመነጽር ቤቱ ትርዒት ከሸማኔዎች መንደር ይጀምር። ከመስታወቱ አጠገብ የምርመራ ወንበር ይቀመጥ። የመነጽሩ ማኅደር በጥለት ይሠራ፤ ሸማኔውም ለሥራው ተገቢውን ዋጋ ይከፈለው። ይህ ንግድ እንጂ ምጽዋት አይደለም።

ሰበታ ላይ፣ የጨርቃጨርቅና የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች አሉ። መርፌ ውስጥ ክር የምታስገባ ሠራተኛ፣ የስፌት እንከን የምትለቅም ተቆጣጣሪ፣ ሁሉም በዓይናቸው ነው የሚሠሩት። ሰበታ ደግሞ ስሟ ሲነሳ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት አብሮ የሚነሳባት ከተማ ናት። ማየት ለማይችሉ ልጆች የትምህርት በር የከፈተች ከተማ፣ በአንድ መነጽር ማየት የሚችል ዓይን ተጥሎ ሲቀር ዝም ብላ ማየት የለባትም።

ሱሉልታ የሯጮች ሜዳ ናት። የቀነኒሳ በቀለ የሩጫ ሜዳም እዚያው ነው። ከፍታዋ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ የፀሐይ ጎጂ ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሯጩ ከመንገድ ዳር ገዝቶ የሚያደርገው ጥቁር መነጽር ጨረሩን መከላከሉን ማንም አልመረመረለትም፤ ጥቁርነት ብቻውን መከላከያ አይደለምና። የፀሐይ መነጽር ማስተዋወቅ የሚፈልግ ቡቲክ ከሱሉልታ ሯጭ የተሻለ ሞዴል ከየት ያገኛል?

ቅድመ ሁኔታዎች ግን አሉ። አንደኛ፣ ምርመራው በሠለጠነ ባለሙያ ይደረግ፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዕይታ ባለሙያዎችን ሲያስመርቅ ዓመታት አልፈዋል። ሁለተኛ፣ መነጽር የማያድነው ብዙ ነው። ሞራ ወይም የዓይን ግፊት የተገኘበት ሰው ፍሬም ተሸጦለት መሸኘት የለበትም፤ ወደ ሐኪም ቤት ይላክ። ሦስተኛ፣ ሸማኔው የፎቶ ማጀቢያ አይሁን። ካሜራ ፊት መነጽር አጥልቀውለት በማግሥቱ የሚረሱት ከሆነ ቢቀር ይሻላል።

«ነጋዴ ይህን ለምን ያደርጋል?» ለሚለው መልሱ ገበያ ነው። የአሜሪካው ዋርቢ ፓርከር እ.ኤ.አ. በ2010 ሲጀምር አንድ መነጽር ሲሸጥ ሌላው ለችግረኛ እንዲደርስ አደረገ፤ ስሙ የታወቀውም በዚህ ጭምር ነው። ዛሬ በቡራዩ የመጀመሪያውን የንባብ መነጽር የሚያደርግ ሰው ነገ ልጁን ለምርመራ ያመጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 2016 ዓ.ም. መነጽር ለሁሉም እንዲዳረስ ዓለም አቀፍ ዘመቻ ጀምሯል፤ የጊዜ ገደቡ እ.ኤ.አ. 2030 ነው። እስከዚያ ድረስ ብዙ የፋሽን ትርዒት ይካሄዳል፤ ብዙ ጥለት በመድረክ ላይ ያልፋል። ከፊት ወንበር ተቀምጦ ውድ ፍሬሙን እያስተካከለ ጥለቱን የሚያደንቅ እንግዳ አንድ ነገር ይጠይቅ፦ ይህን የሠራው ሰው አሁንም በደንብ ያያል?