ደቦ ሳይሆን ወንፈል

የዓመቱ ፈተና ተቃርቧል። በየመኝታ ክፍሉና በምግብ አዳራሹ የሚሰማው ጥያቄ «ክረምቱን የት ልታሳልፉ ነው?» የሚል ሆኗል። ማኅበራችንም በበኩሉ አንድ ሐሳብ አቅርቧል፤ ይኸውም ፈቃደኛ የሆኑ ተማሪዎች ከሐምሌ ወር ሦስቱን ሳምንት በገጠር ድንኳን ተክለው፥ ችግኝ በመትከልና ጎርፍ የቦረቦረውን መሬት በመከተር እንዲያሳልፉ ነው። ሐሳቡን በሙሉ ልብ እንደግፋለን። ይሁን እንጂ ጉዞው ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር በግልጽ መነገር ይኖርበታል። የምንሄደው ለደቦ ነው ወይስ ለወንፈል?

ልዩነቱን ከገጠር የመጣ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ደቦ የጠራ ሰው ጠላውን ጠምቆ እንጀራውን ጋግሮ ይጠብቃል፤ የተጠራውም ቀኑን ሠርቶ፥ በልቶና ጠጥቶ፥ ዘፍኖ ይበተናል። ወንፈል ግን ብድር ነው። ዛሬ የዋልክልኝን ነገ እውልልሃለሁ የሚባልበት፥ ብድሩን ያልመለሰም በመንደሩ የሚታማበት ነው። እኛም ከገበሬው የተበደርነው ብዙ ነው። የምንማርበት ገንዘብ አብዛኛው ከሕዝብ የተሰበሰበ ነውና፥ ግብሩን እየከፈለ የራሱን ልጅ ግን ለዩኒቨርሲቲ ማብቃት ያልቻለ ገበሬ እጅ አለበት። ስለዚህ አካፋ ይዘን የሄድን እንደሆነ ብድር መላሾች እንጂ ቸር ሰጪዎች አይደለንም።

ወቅቱንም እናስብ። የእኛ ዕረፍት ለገበሬው የጥድፊያ ጊዜ ነው። በሐምሌ ጤፍ ይዘራል፤ በነሐሴ አረም ይታረማል፤ አዲሱ እህል እስኪደርስ ድረስ ጎተራው የሚጎድለውም በእነዚሁ ወራት ነው። ያገራችን ሰው ግን እንግዳን «የለኝም» ብሎ አይመልስም፤ ለልጆቹ ያስቀመጠውን አውጥቶ ያቀርባል። እንግዲህ ሠላሳ ተማሪ ያለ ስንቅ አንድ መንደር ቢወርድ ረዳት መሆኑ ቀርቶ ዕዳ ይሆናል። ዱቄቱንና ሽሮውን፥ ዘይቱንና ጨውን ከከተማ ይዘን መሄድ፥ ምግባችንንም ራሳችን ማብሰል ይገባናል። ችግኝ ልንተክል ሄደን ለማገዶ ቁጥቋጦ እንዳንቆርጥ ቡታጋዙም አይረሳ።

ወደ ሥራው እንለፍ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቆ ነበር። የሕዝቡ መነሣሣት የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ችግኝ በተተከለበት ቀን ቁጥር ብቻ አይጸድቅም። ፕላስቲኩ ሳይወልቅለት የተተከለ ችግኝ ሥሩ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ዙሪያው በደንብ ያልተጠቀጠቀው ነፋስ ገብቶት ይደርቃል፤ አጥርም ጠባቂም የሌለው ለፍየል ቁርስ ይሆናል። የዛፉ ዐይነትም ያከራክራል። ባሕር ዛፍ ቶሎ ደርሶ ቤት ይሠራበታልና ገበሬው ቢወደው አይፈረድበትም፤ ከምንጭ አጠገብ ሲተከል ግን ውኃውን ይሻማል። ዋንዛው፥ ወይራው፥ ዝግባውና ኮሶው የት የት ቢተከሉ እንደሚሻል የአገሩ ሽማግሌ ከእኛ ይልቅ ያውቃል። የኮንሶ ሕዝብ የድንጋይ እርከኑን ከ400 ዓመት በላይ በእጁ ሲሠራና ሲጠግን የኖረው ከዩኒቨርሲቲ መሐንዲስ ተቀብሎ አይደለም፤ ዩኔስኮም በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ስለዚህ የሥራው አለቃ ገበሬው ይሁን፤ የማኅበሩ ሊቀ መንበርም እንደ ማንኛውም ሰው ይቆፍር።

ከማን ጋር እንሂድ የሚለውም ቀላል ጥያቄ አይደለም። ብዙዎቻችን ያገራችን ልጅ ከሆነው ጋር እንበላለን፥ ከእርሱው ጋር እናጠናለን፥ አራት ዓመት ሙሉ የጎረቤቱን ክፍል ተማሪ ስም ሳናውቅ እንመረቃለን። በ2012 ዓ.ም. በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሣ ግጭት ተማሪዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ ብዙዎችም ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። የማይተዋወቅ ሰው ስለ ሌላው የተወራውን ሁሉ ማመን ይቀለዋል። አንድ ቃሬዛ አፈር በሁለት ወገን ይዘው ዳገት የወጡ ሰዎች ግን ቢያንስ አንዱ የሌላውን እርምጃ መጠበቅ ይማራሉ። እ.ኤ.አ. በ1920 ስዊሱ ፒየር ሴሬዞል ጦርነት ያፈራረሳትን በቬርደን አጠገብ የምትገኝ የፈረንሳይ መንደር ለመጠገን ፈቃደኞችን ሲያሰባስብ፥ ትናንት ጠላት ከነበረችው ከጀርመን የመጡም ነበሩበት። የዓለም አቀፍ የሥራ ካምፕ ልማድ የተጀመረው በዚያ ነው።

ያገራችን ተማሪ ገጠር ሲወርድ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ይልክ ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ደግሞ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ዘምተዋል። ሁለቱም በግዴታ ነበሩ። የአሁኑ በፈቃድ ነውና ሳይሠራ የተመለሰ ሰው በአዛዡ ሊያመካኝ አይችልም።

ክረምቱን ለወላጆቹ ሊያርስ፥ ወይም ለከርሞ የሚሆነውን ገንዘብ በሥራ ሊያገኝ የሚሄድ ተማሪ አለ። እርሱ ወንፈሉን በቤቱ እየመለሰ ነውና ማንም እንዳይወቅሰው። ለቀረነው ግን ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፥ ቡድኖቹ በጓደኝነት ሳይሆን በዕጣ ይመደቡ። ሁለተኛ፥ ስንቅ ሳይሟላ ማንም አይንቀሳቀስ። ሦስተኛ፥ እያንዳንዱ ቡድን በጥቅምት አንድ ጊዜ፥ በመጪው ሰኔም ሌላ ጊዜ ተመልሶ የጸደቀውን ይቍጠር፤ ቍጥሩም፥ ቢያሳፍርም እንኳ፥ በዚሁ ጋዜጣ ይታተም።

መምህራኖቻችንም ስለ አፈርና ስለ ደን ያስተማሩንን በሜዳው ላይ መጥተው ቢያሳዩን ደስታችን ነው፤ አካፋ ለእነርሱም ይገኛል። መዝገቡ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ተከፍቷል። ስሙን የሚያስመዘግብ ሁሉ የሐምሌውን ሳምንታት ብቻ ሳይሆን የሰኔውን መመለሻ ጭምር ቃል እንደገባ ይወቅ። ወንፈል የሚባለው ሲመለስ ነውና።